የጥር ካርድ የሰኔ ፍርድ አይደለም

በአገራችን ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ተፈጽሞ፣ ፈተናው ታርሞ፣ በጥር መጨረሻ ካርድ በሚታደልበት ሰሞን፣ በምሥራቅ ጎጃም በዲማና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች፣ እንደዚሁም በደብረ ወርቅ፣ በቢቸናና በደብረ ማርቆስ፣ ውጤቱ ዝቅ ባለ ልጅ ቤት ሁሉ አንድ ዐይነት ንግግር ይሰማል፤ ይኸውም፣ “ለዚህ ልጅ ትምህርት አልተጻፈለትም፤ በጥር ያልሆነለት በሰኔ አይሆንለትም፤ ዕድሜውን በከንቱ ከሚፈጅ ሥራ ቢይዝ ይሻለዋል” የሚል ነው። አባት ይህን የሚናገረው ከኀዘን የተነሣ፣ መምህር ከድካም የተነሣ፣ ጎረቤት ደግሞ ከልማድ የተነሣ ሲሆን፣ ሦስቱም ሳይመካከሩ በአንድ ቃል ስለ ተስማሙበት ነገሩ እንደ ተረጋገጠ እውነት ተቈጥሮ፣ ተከራካሪ ሳይነሣበት በየዓመቱ ይደገማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተከራካሪ ሆኖ መነሣት ነው፤ ንግግሩ ከማስረጃ ወገን ሐሰት፣ ከፍርድ ወገን ግፍ፣ ከሚያስከትለውም ነገር ወገን ጥፋት መሆኑን እንደ ዐቅማችን እናስረዳለን።

አስቀድሞ የባላጋራን ቃል አሟልቶ መስማት የክርክር ሕግ ነውና፣ ይህን አሳብ የሚይዙት ሰዎች የሚያቀርቧቸውን ምክንያቶች ሳናጐድል እንጥቀስ። አንደኛ፣ በአምስት ወር ያልገባው ልጅ ሌላ ትምህርት በላዩ ተጨምሮበት በቀጣዩ አምስት ወር ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊያውቅ አይችልም ይላሉ። ሁለተኛ፣ ቍጥር አያዳላም፤ መምህር ሊወድና ሊጠላ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ልጁ የጻፈውን ብቻ ይናገራል ይላሉ። ሦስተኛ፣ ለደካማ መራራት ሀኬትን ያበረታታል፤ አገራችን በፈተና መኰራረጅና መልስ በማሰራጨት ምን ያህል እንደ ተጐዳች አይተናልና ጥብቅ ፍርድ ያስፈልጋል ይላሉ። እነዚህ ምክንያቶች የክፉ ሰዎች ምክንያቶች አይደሉም፤ ሦስተኛው እንዲያውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን ሦስቱም የቆሙት ማንም ባልመረመረው አንድ መሠረት ላይ ነው፤ እርሱም የጥር ውጤት የልጁን አእምሮ ልክ ያሳያል የሚለው እምነት ነው።

እንግዲህ የጥር ውጤት የሚለካው ምንድን ነው? በጎጃም ደጋ የሚኖር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ የሚከመረውና በአውድማ ላይ የሚወቃውም በታኅሣሥና በጥር ነው። ይህ ዘመን የገበሬ ቤተ ሰብ እጅ ሁሉ የሚፈለግበት፣ ከብት ጠባቂው፣ ነዶ ተሸካሚው፣ በሬ ነጂው ሁሉ የሚያንስበት ዘመን ነው፤ ልጁም ከደብተሩ ይልቅ መንሹን የሚይዝበት ጊዜ ይበዛል። አጋጣሚውን ልብ በሉ፤ ከመስከረም የተጀመረው መንፈቀ ዓመት ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ ማለትም ትምህርቱ በሚከብድበትና ፈተናው በሚደርስበት ሰዓት፣ የዓመቱ እህል ከማሳ ወደ ጎተራ የሚገባበት ሰዓት አብሮ ይደርሳል። በዚህ መካከል የተፈተነ ልጅ ከመቶ 38 ወይም 42 ቢያመጣ፣ ያ ቍጥር የልጁን ልቡና ከመመስከሩ በፊት የአባቱን አውድማ ይመሰክራል። ከጥር በኋላ ግን፣ እስከ ክረምቱ መዳረሻ ድረስ፣ የእህል ሥራ ጋብ ይላል፤ በፊቱ ያጣውን ጊዜ ልጁ የሚያገኘው በትክክል “በቃህ” በተባለበት ወራት ነው።

ሌላውም ምክንያት እንዲሁ ነው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ወይ ረጅም መንገድ በእግሩ ይመላለሳል፣ ወይ በከተማ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ በሳምንቱ መጨረሻ ከቤቱ ስንቅ ይዞ ይመለሳል፤ ምግቡን ራሱ ያበስላል፣ ውኃውን ራሱ ይቀዳል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ብዙውን ትምህርት በአማርኛ ተምሮ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲማር፣ የሥነ ሕይወቱንና የኬሚስትሪውን አሳብ ሳይሆን የጥያቄውን ቋንቋ ሳያውቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህም ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የነደደው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ፣ ብዙ ልጆችን ከወንበራቸው አርቆ፣ የተመለሱትንም የተቈራረጠ ትምህርት ይዘው እንዲቀጥሉ አድርጓል። እንዲህ ያለውን ሸክም የተሸከመ ልጅ ያመጣውን ቍጥር አንሥቶ “ልኩ ይህ ነው” ማለት፣ ሸክሙን ሳያወርዱ ቁመቱን ለመለካት እንደ መነሣት ነው።

“ቍጥር አያዳላም” ለሚሉት ደግሞ ራሱን ቍጥሩን ጠርተን እናስመስክር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲሰጥ ከተደረገ በኋላ፣ ለ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 ብቻ አለፉ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ቀሩ። ከመቶ ልጆች ሦስቱ ቢሰንፉና 97ቱ ቢያልፉ፣ ሦስቱን ለብቻቸው ጠርቶ መገሠጽ ተገቢ ነበር፤ 97ቱ ሲቀሩ ግን ስንፍና የሚለው ቃል የነገሩን ምክንያት ሊሸከም አይችልም። የአንድ ትውልድ ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን ተስማምተው ሊሰንፉ አይችሉምና፣ ጉድለቱ በመጽሐፉ፣ በመምህሩ ዝግጅት፣ በቋንቋው፣ በየክፍሉ ሳይታወቅ በታለፈው መሠረት ውስጥ መፈለግ አለበት። የትልልቆቹን ዕዳ በልጆች ካርድ ላይ መጻፍ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ዐይነት ፍርድ ነው።

ይህን ክርክር ስናቀርብ ከሩቅ አገር የመጣ ትምህርት የምናስተምር እንዳይመስል፣ ወደ ራሳችን ቤት፣ ወደ ዲማ እንመለስ። በአባ ተከሥተ ብርሃን እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም የቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት መፍለቂያ በመሆን ከጎጃም አልፎ በመላው ኢትዮጵያ ስሙ የተጠራ ደብር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ሲሆን፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በ“ፍቅር እስከ መቃብር” ዲማን ማንም የኢትዮጵያ አንባቢ የማይረሳው ስፍራ አድርገዋታል። በዚህ ደብር ጥላ ሥር የምንኖር ሰዎች ደካማ ውጤት ላመጣ ልጅ ምን መደረግ እንዳለበት ከማንም መበደር አያስፈልገንም፤ የቅኔው ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት መልሱን በሥራ ሲያሳይ ኖሯልና።

የቅኔው ቤት ሥርዐት እንዴት ነው? ደቀ መዝሙሩ ከየኔታ የተቀበለውን የግእዝ ግስና እርባ ቅምር በቃሉ ሲያመላልስ ያድራል፤ ቀን ደበሎውን ደርቦ ከሰው ርቆ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ ሲመሽ ደግሞ ከየኔታ ፊት ቀርቦ የቈጠረውን ይነግራል። መጀመሪያ የሚያቀርበው ጉባኤ ቃና ነው፤ እርሱም ሁለት ቤት ብቻ ነው። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና፣ ጐደሎ ከሆነ ጐደሎነቱን ብቻ ነግረው አያሰናብቱትም፤ ቤቱ አልመታ እንደ ሆነ ቤቱ አልመታም ይሉታል፤ ግሱ ያለ ቦታው ገብቶ እንደ ሆነ ግሱን ለይተው ይነግሩታል፤ ሰሙ ደኅና ሆኖ ወርቁ የጐደለ እንደ ሆነ ምሥጢሩን ፈልግ ብለው ይመልሱታል። ልጁም የጐደለውን ዐውቆ ሄዶ በማግሥቱ አሻሽሎ ይመለሳል። ጉባኤ ቃና ሳይደላደል ወደ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፣ ከዚያም ወደ ዋዜማ አምስት ቤት፣ ወደ ሥላሴ ስድስት ቤት፣ ወደ መወድስ ስምንት ቤት የሚዘል የለም፤ ደግሞም በጉባኤ ቃና ስለ ዘገየ ብቻ “አንተ ለቅኔ አልተፈጠርህም” ተብሎ ከጉባኤው የሚባረር የለም። በአንዱ መምህር ቤት ያልተሳካለትም አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላው መምህር ቢሄድ ነውር አይሆንበትም፤ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ መዞር የተማሪ ሕይወት ነውና።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ የድሮው ቤት ዐለንጋና ረኃብ ነበረበት፤ ብዙ ልጆችም ያን መታገሥ አቅቷቸው ጥለውት ሄደዋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዐለንጋውን አናወድስም፤ የምናወድሰው ስሕተትን ለይቶ የማሳየቱን ጥበብ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የበረታ ነው፤ የቅኔ ተማሪ የቀን ቀጠሮ የለበትም፣ የዘመናዊ ትምህርት ተማሪ ግን ሰኔ ይጠብቀዋል የሚል ነው። ለዚህ የምንመልሰው፣ ጊዜው የተወሰነ መሆኑ ጉድለቱን ለይቶ ማወቅን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም ብለን ነው። ጊዜ የተረፈው ሰው ሁሉንም ከመጀመሪያው ሊደግም ይችላል፤ ጊዜ ያጠረው ግን የትኛው መሠረት እንደ ተናጋ ዐውቆ ወደዚያ ብቻ መመለስ አለበት። ያን የሚነግረው ደግሞ ሰው ሁሉ እንደ ሞት ደብዳቤ የሚያየው የጥር ፈተና ነው።

አንድ የታረመ የፊዚክስ ወረቀት በእጃችን ይዘናል እንበልና እንመልከተው። ጥያቄው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ መኪና በ5 ሴኮንድ ውስጥ ብትቆም ፍጥነቷ በየሴኮንዱ በምን ያህል ሜትር እንደ ቀነሰ ይጠይቃል። ልጁ ፍጥነትን ለጊዜ ማካፈል እንዳለበት ዐውቆ 72ን ለ5 አካፈለና 14.4 ብሎ ጻፈ፤ መምህሩም በቀይ ስክሪብቶ የስሕተት ምልክት አድርጎ አለፈ። ልጁ ግን ሕጉን ዐውቆታል፤ የጐደለው በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 20 ሜትር ማለት መሆኑ ነው፤ ያን ቢለውጥ ኖሮ መልሱ 4 ይሆን ነበር። ይህ ጉድለት በዚያው ወረቀት ላይ በሌላ ጥያቄ፣ በሦስተኛውም፣ በዐራተኛውም ተመልሶ ቢመጣ፣ ካርዱ ላይ የሚታየው ፊዚክስ የማያውቅ ልጅ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ግን መለኪያን ከመለኪያ መለወጥ ያልተማረ፣ ይህንንም በጥቂት ቀን ሊማር የሚችል ልጅ ነው። ከቅኔው ቤት ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ለልጁ ይመለስለት፣ የሳተውን እያንዳንዱን ጥያቄ ከምክንያቱ ጋር ለይቶ ይጻፍ፤ ባለማወቅ የሳተውን፣ ቋንቋው ስላልገባው የሳተውን፣ በችኮላ የሳተውን ለየብቻ ያስቀምጥ። ይህን ያደረገ ልጅ ከአንድ ትልቅና ጨለማ ውድቀት ይልቅ ስም ያላቸው ጥቂት ጉድለቶች በፊቱ ያገኛል።

ጊዜ የለም ለሚሉት ሒሳቡን እናስላላቸው። ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ 120 ቀን ነው፤ በቀን አንዲት ሰዓት ብቻ ለቀድሞው ጉድለት ብትለይ 120 ሰዓት ይሆናል። በመጀመሪያው መንፈቅ 42 ያመጣ ልጅ በሁለተኛው 60 ቢያመጣ የዓመቱ አማካይ 51 ነውና ክፍሉን ያልፋል፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንደ ሆነም፣ ብሔራዊው ፈተና ለብቻው የሚታሰብ ስለ ሆነ፣ የጥር ካርድ በዚያ ላይ አንዲት ነጥብ አይጨምርም፣ አይቀንስምም። ሰዓቱ ግን በሥርዐት መዋል አለበት። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ምርምር ሰው የተማረውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ፈጥኖ እንደሚረሳ፣ በአንድ ጊዜ ከታጨቀ ጥናትም በየቀኑ ተከፋፍሎ የተደገመው እንደሚጸና አሳይቷል። አሜሪካውያኑ ሮዲገርና ካርፒኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፍን ደጋግሞ ከሚያነብ ይልቅ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን ከልቡናው ለማውጣት የሚታገል ተማሪ ከሳምንት በኋላ የበለጠ እንደሚያስታውስ አረጋግጠዋል። የጉባኤ ቤት ተማሪዎች ከመምህራቸው ፊት ሲነሡ የሰሙትን በቃል እየተቀባበሉ የሚከልሱት ይህን ምሥጢር በልማድ ስላወቁት ነው። በሰኔ ዋዜማ ሌሊቱን ሁሉ ደብተር ማገላበጥ ግን ከምሁራኑም ከጉባኤ ቤቱም ትምህርት ውጭ ነው።

ይሁን እንጂ የልጁን ልብ ከሰበርን በኋላ ዘዴውን ብናስተምረው አይጠቅምም። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ካርዱ በመጣበት ቀን አባት ይቈጣል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ታላቅ ወንድም ያሾፋል፣ የሰፈሩ ልጅ ደረጃውን ከራሱ ደረጃ ያስተያያል፤ ልጁም በኀፍረት ደብተሩን ይሸሽጋል፣ መምህሩን መጠየቅ ይፈራል። የቅዱስ ያሬድ ታሪክ በየቤቱ የሚነገር ነው፤ ትምህርት እንቢ ብሎት፣ በመምህሩ በአባ ጌዴዎን ተገርፎ ሸሽቶ ሳለ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻው ከዛፉ ጫፍ የደረሰውን ትል አይቶ ተጸጸተና ተመለሰ። እኛ ታሪኩን የምንተርከው ልጁ እንዲታገሥ ለማስተማር ብቻ ነው፤ የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ግን እንዘለዋለን። ያሬድ ሲመለስ መምህሩ ተቀበለው፤ እንደ ገናም አስተማረው። አባ ጌዴዎን “አንተ ለትምህርት አልተጻፍህም” ብሎ በሩን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ፣ የትሉ ምሳሌ ያሬድን ብቻውን ከአክሱም ሊቃውንት መካከል አያደርሰውም ነበር። ከልጅ ትዕግሥትን የሚጠይቅ አባትና መምህር አስቀድሞ በሩን መክፈት ይገባዋል።

መንግሥትም ራሱ፣ ምንም እንኳ በቃል ባይናገረው፣ በሥራው ከእኛ ወገን ቆሟል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማለፊያውን ነጥብ ካላገኙት መካከል የተሻለ ያመጡትን ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች አስገብቶ ሬሜዲያል በሚባለው መርሐ ግብር ለጥቂት ወራት እንደ ገና እያስተማረና እየፈተነ፣ የበቁትን ወደ መደበኛው ትምህርት ሲያሳልፍ ቆይቷል። ይህ አንድ ውድቀት የመጨረሻ ፍርድ እንዳይደለ፣ ጥቂት ወራትም በሥርዐት ከተሠራባቸው ሰውን ሊያነሡ እንደሚችሉ ማመን ነው። እንዲህ ከሆነ፣ ልጁ በብሔራዊው ፈተና እስኪወድቅ፣ ከወራትም በኋላ ከቤቱ ርቆ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ እስኪገባ ድረስ ለምን ይጠበቃል? ያው የማጠናከሪያ ትምህርት በየካቲት፣ በገዛ ትምህርት ቤቱ፣ ገና የጥር ወረቀቱ በእጁ ሳለ ቢሰጠው፣ ወጪው ያንሳል፣ ፍሬውም ይበዛል፤ ከሁሉም በላይ ወደ ሬሜዲያሉ ደጃፍ እንኳ ሳይደርሱ የሚቀሩት ብዙዎቹ ልጆች ይተርፋሉ።

ጥብቅነትን ለሚወዱት የምንመልሰው የመጨረሻ ቃል አለን። መኰራረጅ ነውር መሆኑን፣ ፈተናም መከበር እንዳለበት ከእነርሱ ባላነሰ እናምናለን። ነገር ግን መኰራረጅን የሚያበዛው ርኅራኄ ሳይሆን ተስፋ መቍረጥ ነው፤ በራስህ ዕውቀት አትደርስም ተብሎ በጥር የተነገረው ልጅ፣ በሰኔ ዐይኑን ወደ ጎረቤቱ ወረቀት ቢሰድድ፣ የተነገረውን አምኖ መሥራቱ ነው። ጉድለቱ ተለይቶ የታየው፣ ያንንም በየቀኑ ሲያርም የከረመ ልጅ ግን የራሱን መልስ ለመጻፍ ይደፍራል፤ ከዚህ የበለጠ ጥብቅነት የለም።

ስለዚህ፣ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ በጥር ካርድ ይዞ የመጣላችሁን ልጅ ስንተኛ ወጣህ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የትኛው ጥያቄ እንደ ከበደው ጠይቁት፤ በየካቲትም ከእርሻው ሥራ በቀን አንዲት ሰዓት ልቀቁለት፤ ለሴት ልጃችሁም ከእንስራውና ከምጣዱ ያንኑ ያህል ሰዓት አትንፈጓት። የቀለም መምህራን ሆይ፣ እናንተ ከየኔታ ወንበር የተረከባችሁ ናችሁና፣ ወረቀቱን መልሱ፣ ጉድለቱን በስሙ ንገሩ፣ ተመልሶ የሚመጣውንም ተቀበሉ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም የማጠናከሪያውን ትምህርት ከሰኔ ጥድፊያ አውጥታችሁ የካቲት ላይ ትከሉት። አንተም ተማሪ፣ አንቺም ተማሪ፣ የተነገራችሁን ክፉ ቃል ትታችሁ ነገ ጠዋት ያን የታረመ ወረቀት ይዛችሁ ወደ መምህራችሁ ቅረቡ፤ ከሳታችሁት ጥያቄ ሁሉ አንዱን መርጣችሁ ጀምሩ። በጥር የወደቀ በሰኔ ይነሣል፤ የሚያነሡትም አንድ ጉድለት ከሌላው ለይቶ የሚያሳይ መምህር፣ ጊዜ የሚሰጥ ቤተ ሰብና የራሱ ትጋት ናቸው።